ሠርቶ የማያውቅ አስተማሪ፦ ከጋፋት እቶን እስከ ኮምቦልቻ መማሪያ ክፍል

ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ ላይ አለ። ወደ 70 ኩንታል የሚመዝነው ይህ መድፍ ከደብረ ታቦር አካባቢ ተነስቶ የጂዳንና የበሽሎን ገደል ተሻግሮ እዚያ አምባ ላይ እስኪወጣ ድረስ ስድስት ወር ገደማ ፈጅቷል። መስከረም 1860 ዓ.ም. ሲያልቅ የተጀመረው ጉዞ መጋቢት ላይ ነው ያበቃው። ለመድፉ ሲባል መንገድ ተጠረገ፣ ድንጋይ ተፈነቀለ፤ ንጉሡም ራሳቸው ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ ያነሱ ነበር። ይህን ታሪክ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። ሲተረክ ግን ስለ ቴዎድሮስ እልህና ስለ መድፉ ክብደት ይወራና ዋናው ጥያቄ ይዘለላል፤ ለመሆኑ መድፍ መሥራትን ማን ለማን አስተማረ?

ጥያቄው የጥንት ወሬ ብቻ አይደለም። ዛሬ በደቡብ ወሎ ደጋ፣ ከመቅደላ ብዙም ሳይርቅ፣ የዚያን አምባ ስም የያዘ ዩኒቨርሲቲ አለ። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ቱሉ አውሊያና መካነ ሰላም ላይ ያስተምራል፤ የምህንድስና ትምህርት ክፍሎችም አሉት። ወደ ኮምቦልቻ ወረድ ሲባል ደግሞ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለ። የወረኢሉ፣ የከላላ፣ የለጋምቦ፣ የቦረና ገበሬ ልጁን ወደነዚህ ግቢዎች ሲሸኝ «ኢንጂነር» ሆኖ እንዲመለስለት ነው። ልጁ አምስት ዓመት ተምሮ ይመለሳል። ሥራ ሲያጣ ደግሞ ከየመድረኩ የሚሰማው አንድ ነገር ነው፤ «ሥራ ጠባቂ ሳይሆን ሥራ ፈጣሪ ሁን»። ሥራ መፍጠርን ያስተማረው መምህር ግን ራሱ አንድ ነገር ሠርቶ ሸጦ ያውቃል? ነገሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

*

ወደ ጋፋት እንመለስ። ደብረ ታቦር አጠገብ ያለችው ጋፋት ውስጥ የሰፈሩት አውሮፓውያን በአብዛኛው በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ አጠገብ ካለው የቅዱስ ክሪሾና ተቋም የመጡ ሚሲዮናውያን ነበሩ። ዋልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ቤንደር፣ ኪንዝለን፣ ማየር፤ ከእነሱም ጋር ሞሪትዝ ሆል የሚባል ፖላንዳዊ ነበረ። ሚሲዮናውያኑ የእጅ ሙያ እየሠሩ ወንጌል እንዲሰብኩ የተላኩ ናቸው። መድፍ አንጣሪ ሆኖ የመጣ ከመካከላቸው አልነበረም። ንጉሡ መድፍ ሥሩልኝ ሲሏቸው አናውቅም አሉ። ማስታወሻቸው እንደሚናገረው ቴዎድሮስ ይህን መልስ አልተቀበሉም፤ እሺ እስኪሉ ድረስ አገልጋዮቻቸውን አሰሩባቸው። ሳይወዱ ሞከሩ። የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ከሸፉ። እቶኑን አፈረሱ፣ እንደገና ሠሩ፣ እንደገና አቀለጡ። በመጨረሻ ተሳካላቸው።

የማሰሩን ጭካኔ ለማቆንጀት መሞከር አያስፈልግም። ከጭካኔው ሥር ያለው ነገር ግን ልብ ሊባል ይገባል፤ አስተማሪዎቹ የተማሩት እየሠሩ፣ እየከሸፈባቸው፣ ከአገሬው ልጆች ጋር በአንድ እቶን ፊት ቆመው ነው። በጋፋት ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ፊደልም የእጅ ሙያም ይማሩ ነበር። መምህሩና ተማሪው በአንድ ጊዜ አዲስ ነገር የተማሩበት የመጀመሪያው የቴክኒክ ትምህርት ቤታችን ይኸው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ታዲያ ለምን ጠፋ? ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሕይወታቸውን ሲያጠፉ አውሮፓውያኑ ከናፒየር ጦር ጋር ወጡ፣ ጋፋትም ባዶ ቀረች። የተለመደው ማብራሪያ «እንግሊዝ መጥቶ አፈረሰው» የሚል ነው። ግማሽ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ የጋፋት ደንበኛ አንድ ሰው ብቻ መሆኑ ነው። የሚሠራው ለንጉሡ፣ የሚከፍለው ንጉሡ፣ የሚያዘውም ንጉሡ። ከዚያ እቶን ለገበሬው ማረሻ ወይም መጥረቢያ አውጥቶ ገበያ ላይ የሸጠ ተማሪ ቢኖር ኖሮ ሙያው ከንጉሡ ጋር አብሮ አይቀበርም ነበር። ዛሬ በንግድ ትምህርት ቤት ቋንቋ «የገበያ ትስስር» የሚባለው ነገር ያኔ አልነበረም።

በእርግጥ ብረት የሚሠራው ኢትዮጵያዊ ከጋፋት በፊትም በኋላም ነበረ። ግን ስሙ «ቀጥቃጭ»፣ ሲመሽ ደግሞ «ቡዳ» ነበር። ወረኢሉን የከተሙት ዐፄ ምኒልክ ናቸው፤ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ወሎን ለመያዝ ነው ከተማውን የቆረቆሩት። በ1888 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ለዓድዋ ዘመቻ ሠራዊቱ ወረኢሉ ከትቶ እንዲያገኛቸው አዋጅ ያስነገሩትም እሳቸው ናቸው። እዚያ የከተተው ሕዝብ ጦሩን የቀጠቀጠለት፣ ኮርቻውን የፋቀለት፣ ኩታውን የሸመነለት ማን ነው? ስሙን ታሪክ አልጻፈውም። ምኒልክ በመጨረሻዎቹ የንግሥና ዓመታቸው ባለ እጅን በሥራው የሚሳደብ እንዲቀጣ በአዋጅ የከለከሉት በሽታው ምን ያህል ሥር እንደሰደደ አይተው ነው። አዋጁ ወጣ፤ ስድቡ ግን ቀረ ማለት አይቻልም። የምህንድስና ትምህርታችን የተወለደው እዚህ ቤት ውስጥ ነው፤ በእጅ የሚሠራ ሰው ዝቅ፣ በብዕር የሚሠራ ሰው ከፍ በሚልበት።

*

ዘመናዊው የምህንድስና ኮሌጅ አዲስ አበባ ላይ በ1945 ዓ.ም. ተከፈተ። ከዚያ በኋላ በስዊድን ድጋፍ የሕንፃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተከተለ። የመጀመሪያዎቹ መምህራን አብዛኞቹ የውጭ ሰዎች ነበሩ። ተማሪው ሲመረቅ የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ አውራ ጎዳና ወይም መብራት ኃይል ይጠብቀዋል። ስለ ሥራ ፈጠራ ማስተማር ለማንም ጥያቄ ያልነበረው ለዚህ ነው፤ ተማሪው ሳይመረቅ ወንበሩ ተዘጋጅቶ ነበርና።

በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ከዚህ ይለያል። የጨርቃ ጨርቅ፣ የብረታ ብረት፣ የእንጨት ሥራ፣ የኤሌክትሪክ፣ የእርሻ መሣሪያዎችና የኢንዱስትሪ ኬሚስትሪ ትምህርቶች ነበሩት። ከተማው ውስጥ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነበረ፤ ማሽን የሚበላሸው እዚያው፣ የሚጠገነውም እዚያው። ከፖሊ የወጣ ሰው ዛሬም በየፋብሪካው ሲጠራ የሚከበረው በዲግሪው ርዝመት ሳይሆን ማሽን ፊት ሲቆም በማይሸበር እጁ ነው። ቆይቶ ፖሊው ወደ ዩኒቨርሲቲው ተጠቃሎ የምህንድስና ፋኩልቲ ሲሆን ማዕረጉ አደገ። ከእጁ ምን ያህል እንደቀረ ግን የድሮ ተማሪዎቹ ሲገናኙ እስከ ዛሬ የሚከራከሩበት ነው።

ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ገጠር ወርደው እንዲያገለግሉ ግዴታ ሆነ። አብዛኞቹ ያስተምሩ ነበር። ብዙዎቹ አገራቸውን ያዩት ያኔ ነው፤ ፖለቲካቸውም የተለወጠው ያኔ ነው። ልብ በሉ፤ የወረደው ተማሪው ነው። መምህሩ አዲስ አበባ ቀርቷል። ይህ ልማድ ከዚያ በኋላ ባሉት ማሻሻያዎች ሁሉ ይደገማል።

*

በ1990ዎቹ አጋማሽ ከፍተኛ ትምህርት ሲስፋፋ አንድ ነገር በፍጥነት አጠረ፤ መምህር። መፍትሔው ቀላል ነበር። ሰኔ ላይ ከፍተኛ ውጤት አምጥቶ የተመረቀው ልጅ መስከረም ላይ በረዳት ምሩቅነት ተቀጥሮ ሰሌዳ ፊት ቆመ። ከዚያ ለሁለተኛ ዲግሪ ሄደ፣ ተመልሶ ሌክቸረር ሆነ። በዚህ መንገድ የመጡ ጎበዝ መምህራን ብዙ ናቸው። ነገር ግን ከተማሪነት ወደ መምህርነት ሲሻገሩ በመካከል ፋብሪካ፣ የግንባታ ሥራ ወይም የጥገና ጋራዥ አላለፉም። ደመወዝ የከፈላቸው ብቸኛ ቀጣሪ ዩኒቨርሲቲ ነው።

የማስተማር ችሎታ ጉድለቱን መንግሥት አይቷል። በ1996 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረውና በመምህራን አፍ «ኤች ዲ ፒ» የሚባለው የከፍተኛ ዲፕሎማ ፕሮግራም የዩኒቨርሲቲ መምህራን ለአንድ ዓመት የማስተማር ዘዴ እንዲሠለጥኑ አደረገ። የቡድን ሥራ፣ ተማሪ ተኮር ትምህርት፣ ተግባራዊ ምርምር፤ ጥሩ ነገሮች ናቸው። ሆኖም የሲቪል መሐንዲሱም የታሪክ መምህሩም በአንድ ክፍል የሚወስዱት አንድ ዓይነት ሥልጠና ነው። እንዴት እንደሚያስተምር ይነግረዋል፤ ያልሠራውን ነገር እንዴት እንደሚያስተምር ግን ማንም ሊነግረው አይችልም።

ትልቁ ሙከራ በ1998 ዓ.ም. የመጣው በጀርመን የተደገፈው የምህንድስና አቅም ግንባታ ፕሮግራም ነው። አራት እግሮች ነበሩት፤ የዩኒቨርሲቲ ማሻሻያ፣ ቴክኒክና ሙያ፣ የጥራት ተቋማት፣ የግል ዘርፍ። የምህንድስና ፋኩልቲዎች «የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት» ሆኑ። ሥርዓተ ትምህርቱ ተለወጠ። ጀርመናውያን ፕሮፌሰሮች መጡ፤ የአዳማ ዩኒቨርሲቲን ፕሬዚዳንት ሆነው የመሩት ፕሮፌሰር ኸርበርት አይሸሌ ነበሩ። ተማሪው አንድ ሙሉ ሴሚስተር ኢንዱስትሪ ውስጥ እንዲያሳልፍ የሚያደርገው ኢንተርንሺፕም የዚያ ዘመን ውርስ ነው።

እዚህም ያው ልማድ ታየ። ኢንዱስትሪ የሄደው ተማሪው ነው። መምህሩ «ሱፐርቫይዘር» ተብሎ ፋብሪካውን አንዴ ወይም ሁለቴ ይጎበኛል፣ ቅጽ ይሞላል፣ ይመለሳል። ጀርመን አገር የምህንድስና ፕሮፌሰር ለመሆን፣ በተለይ በተግባር ሳይንስ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ከዩኒቨርሲቲ ውጪ የሠሩበት የዓመታት ልምድ ይጠየቃል። ኢንተርንሺፑ ከጀርመን መጣልን፤ ይህ የመምህሩ መስፈርት ግን አብሮ አልመጣም። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ሰባ በመቶው ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲገባ የተወሰነው ውሳኔ ሲታከልበት ደግሞ የተማሪው ቁጥር ከመምህሩም ከወርክሾፑም ቀድሞ ሮጠ።

*

ከዚያ «ኢንተርፕረነርሺፕ» የሚባለው ቃል መጣ። በ2005 ዓ.ም. በመንግሥትና በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ትብብር የኢንተርፕረነርሺፕ ልማት ማዕከል ሥራ ጀመረ፤ በኋላ ወደ ኢንስቲትዩትነት አድጓል። የሚጠቀምበት የሥልጠና ዘዴ «ኤምፕሬቴክ» ይባላል። ስሙ በስፔንኛ ሥራ ፈጣሪና ቴክኖሎጂ ከሚሉት ቃላት የተገጣጠመ ነው፤ በ1980 ዓ.ም. ገደማ አርጀንቲና ውስጥ ተጀምሮ በተባበሩት መንግሥታት የንግድና ልማት ጉባኤ በኩል ወደ ብዙ አገር ተሠራጭቷል። ለስድስት ቀን ይሰጣል፤ ዕድል መፈለግ፣ ጽናት፣ የተመዘነ አደጋ መጋፈጥ፣ ዕቅድ እያለ የሚሄድ አሥር ባሕርያትን ያስተምራል።

የዘዴው አያት አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዴቪድ ማክሌላንድ ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ በእኛ አቆጣጠር ካኪናዳ በምትባል የደቡብ ሕንድ ከተማ ያሉ ነጋዴዎችን ሰብስቦ «የማሳካት ፍላጎት» ሥልጠና ሰጠ። ከዚያ ካልሠለጠኑት ጋር አነጻጸራቸው። የሠለጠኑት የበለጠ ኢንቨስት አደረጉ፣ አዳዲስ ሥራ ጀመሩ። ካኪናዳ እንደ ደሴና ኮምቦልቻ ያለች የንግድ ከተማ ናት፤ ምሳሌው ሩቅ አይደለም።

ሠልጣኞቹ ግን እነማን ነበሩ? ቀድሞውኑ ሱቅ ያላቸው፣ ያተረፉ፣ የከሰሩ ሰዎች ናቸው። ሥልጠናው ያለውን እሳት አራገበ እንጂ እሳት አልጫረም። እኛ ዘንድ ሲመጣ ነጋዴውንም ወሰደ፣ ተመራቂ ተማሪውንም፣ የዩኒቨርሲቲ መምህሩንም። ለነጋዴው ብዙ እንደጠቀመ ከሠለጠኑት ሰዎች አፍ መስማት ይቻላል። መምህሩ ግን ስድስት ቀን ሆቴል ውስጥ ተቀምጦ፣ ሻይ ጠጥቶ፣ ሰርተፊኬቱን ይዞ፣ አበሉን ፈርሞ ሲመለስ አሥሩን ባሕርያት ሸምድዷቸዋል። በሚቀጥለው ሳምንት ለተማሪው በስላይድ ያሳየዋል። ተማሪውም ለፈተና ይሸመድዳቸዋል። ጽናት ከአራት ምርጫዎች አንዱ ይሆናል።

(ሥልጠናው ላይ ማሾፍ ቀላል ነው። በትክክል ሲሰጥ ሠልጣኙ ትንሽ ገንዘብ ይዞ በእውነት ሠርቶ ሸጦ እንዲመጣ የሚያደርግ ልምምድ አለው፤ ብዙ ሠልጣኝ ከስድስቱ ቀን የሚያስታውሰው እሱን ነው።)

በ2012 ዓ.ም. አዲሱ የአንደኛ ዓመት ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር ኢንተርፕረነርሺፕ የሁሉም ተማሪ ትምህርት ሆነ። አስፈላጊ እርምጃ ነው። የኮርሱ መለያ ግን የማኔጅመንት ትምህርት ክፍል ነው፤ ስለዚህ የሚያስተምረው የማኔጅመንት መምህር ነው። የምህንድስና መምህሩ ገላገላችሁኝ አለ። ተማሪው የንግድ ዕቅድ አጻጻፍን በአንደኛ ዓመት፣ ምን መሥራት እንደሚችል ሳያውቅ ይማራል፤ ምን መሥራት እንደሚችል በአራተኛና በአምስተኛ ዓመት ሲያውቅ ደግሞ ስለ ገበያ የሚያነሳለት ሰው የለም። ሁለቱ ትምህርቶች በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ሳይገናኙ ይመረቃል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ሲመጣ የመጨረሻው ዓመት በጥያቄና መልስ ልምምድ ተሞላ። በዚያ ዓመት መምህሩ ተማሪዎቹን ይዞ ገበያ ቢወርድ፣ የፈተናው ውጤት ዝቅ ካለ ተጠያቂው እሱ ነው።

በአሜሪካ የብሔራዊ ሳይንስ ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ2011 የጀመረው «አይ ኮር» የሚባል ፕሮግራም ነገሩን በሌላ ጫፍ ያዘው። ከስቲቭ ብላንክ የስታንፎርድ ኮርስ የተወሰደ ነው። አንድ የምርምር ግኝት ያለው ቡድን፣ ፕሮፌሰሩን ጨምሮ፣ በሰባት ሳምንት ውስጥ ወደ መቶ የሚጠጉ ሊገዙ የሚችሉ ሰዎችን በአካል እንዲያነጋግር ይገደዳል። መሸጥ አይፈቀድም፤ መጠየቅ ብቻ። ፕሮፌሰሩ የሠራውን ማንም እንደማይፈልገው የሚሰማው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። ለዚህ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። የወረኢሉ ገበያ በቂ ነው።

*

እኛም ቤት እንዲህ ያለ ነገር ሆኖ ያውቃል፤ የምርት ምድጃን ማየት ነው። በ1980ዎቹ የኢትዮጵያ የኢነርጂ ባለሙያዎች እንጀራ ጋጋሪዋን ጠይቀው፣ ምጣዷን ለክተው፣ ከሲሚንቶና ከአሸዋ ወይም ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በቅርጽ የሚወጣ ምድጃ ሠሩ። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል ተባለለት። ከምድጃው እኩል ብልህ የሆነው አሰራጩ ነው፤ ምድጃው በነጻ አልታደለም፤ ቅርጹ ለትናንሽ አምራቾች ተሰጠ፣ ሠለጠኑ፣ ሠርተው ሸጡ። በአማራ ክልል ከተሞች ከመንገድ ዳር ተደርድሮ የሚታየው ግራጫ ምድጃ የዚያ ውጤት ነው። ጋፋት ያልነበራት ነገር፣ ብዙ ደንበኛ፣ እዚህ አለ። በየዓመቱ ከሚመረቀው የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ ስንቱ ይህን ታሪክ እንደ ትምህርት ሰምቶታል?

ደቡብ ወሎ ደጋ ላይ ጥያቄ አላለቀም። ገብሱ ዛሬም በበሬ ይወቃል። የበጉ ፀጉር ተሸልቶ፣ በእጅ ተፈትሎ ባናና ዝተት ይሆናል፤ ፈትሉ ግን የሴቶችን ስንት ሌሊት እንደሚበላ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ኮምቦልቻ ላይ የጨርቃ ጨርቅ ምህንድስና የሚያስተምር ኢንስቲትዩት አለ፤ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አለ፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀ የኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። ወረኢሉ በግ አለ። በእነዚህ መካከል ያለው መንገድ የግማሽ ቀን ጉዞ ነው። ያን መንገድ በሥራ ሰዓቱ፣ በደመወዙ፣ ሱፐርቫይዘር ሳይሆን ሠሪ ሆኖ የሚሄድ መምህር ግን አልተፈጠረም።

ያልተፈጠረው በስንፍና አይደለም። መምህሩ ማዕረግ የሚያድገው በዋናነት በሚያሳትመው ጽሑፍ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ የፀጉር ማበጠሪያ ማሽን ሲሠራ ኖሮ ሦስት ጊዜ ቢከሽፍበትና በአራተኛው ቢሳካለት፣ አምስት ገጽ ጽፎ ያሳተመው ጓደኛው ይቀድመዋል። ለከሸፉት ሦስቱ የተገዛው ብረትና ሞተር ደግሞ ንብረት ክፍል መዝገብ ላይ አለ፤ ኦዲተር ሲመጣ የት ሄደ ይባላል። ግዥው ራሱ በጨረታ ስለሆነ አንድ ተሸከርካሪ ኩሽኔታ ለማግኘት ወራት ይፈጃል። የከፍተኛ ትምህርት አዋጁ ቁጥር 1152/2011 ዩኒቨርሲቲዎች ከኢንዱስትሪ ጋር እንዲተሳሰሩ ይላል፤ ከአዋጁ እስከ ንብረት ክፍሉ መስኮት ያለው ርቀት ግን ከኮምቦልቻ ወረኢሉ ይረዝማል።

በዚህ ሁሉ ላይ ጦርነት ታከለበት። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻና ኅዳር ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ሲያዙ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተዘረፈ፣ ወደመ፤ የኢንዱስትሪ ፓርኩም አልተረፈም። ከዚያ አልፎ የመጣው የክልሉ ግጭት የመካነ ሰላምና የወረኢሉ መንገድ ሲከፈትና ሲዘጋ እንዲውል አድርጎታል። መንገድ በተዘጋበት ቀን መምህር ገበያ ይውረድ ማለት ቀልድ ይመስላል።

ይሁን እንጂ ግቢው ውስጥ ሆኖም የሚደረግ ነገር አለ። አሁን ለመምህራን የሚሰጠው ሥልጠና በየዓመቱ የሚደገም ነውና ቅርጹን መለወጥ አዲስ በጀት አይጠይቅም። የስድስቱ ቀን አበል በየዲፓርትመንቱ ለአንድ መምህርና ለሁለት ተማሪዎች የቁሳቁስ መግዣ ቢሆን፣ ሰርተፊኬቱ የሚሰጠውም ስላይድ ለጨረሰ ሳይሆን አንድ ነገር ሠርቶ አንድ ሰው ገንዘብ ከፍሎ ለገዛው ቢሆን፣ ለማዕረግ ዕድገት ደግሞ ያ ሽያጭ ከአንድ ጽሑፍ እኩል ቢቆጠር። ከሦስቱ የመጨረሻው የሚወሰነው በሴኔት ነው፤ ሴኔቱ ያለው ደግሞ እዚያው ኮምቦልቻና ደሴ፣ እዚያው ቱሉ አውሊያ ነው።